በቆሎዬ የጎረቤቴን በቆሎ አበላሸው

ጎረቤቴ ሽማግሌው አጥሩ ጋ መጥተው በናፕኪን የተጠቀለለ የተቀቀለ በቆሎ ሰጡኝ። «ቅመሺው» አሉኝ። ፈገግታ የለም፤ ሰላምታም የለም። ሌላ ጊዜ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ስለ ቤዝቦሉ ሳያወሩኝ አያልፉም። ያን ቀን ግን ዝም ብለው አፌን ነው የሚያዩት።

ቀመስኩት። ጠንከር ያለ፣ ጥርስ የሚይዘው፣ ጣፋጭነቱ ልክ የሆነ በቆሎ ነው። አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ እንዲህ ያለ በቆሎ ከሰው እጅ ተቀብዬ አላውቅም። «በጣም ይጥማል» አልኳቸው። ከልቤ ነበር።

«አይጥምም» አሉ። «ተበላሽቷል። ያበላሸው ደግሞ ያንቺ በቆሎ ነው።»

ነገሩ በሰላም አልቋል። ጎረቤታሞች ነን፣ ዛሬም እንጨዋወታለን። ግን በቆሎ ባየሁ ቁጥር ያቺ ቅጽበት ትመጣብኛለች። እኔ ደስ ብሎኝ የማኝከው ነገር ለሰውየው የአንድ ክረምት ልፋት ኪሳራ ነበር። የቀመስነው ግን ያንኑ አንድ በቆሎ ነው።

## ስኳሩ የበዛበት

ያደግኩት ቡሬ ነው። ጓሯችን ውስጥ ከማሳው ቀድሞ የሚደርስ በቆሎ አይጠፋም ነበር። ፍግና አመድ የሚደፋበት መሬት ስለሆነ ይፈጥናል። ከሥሩ ዱባ ይሳባል፣ ጥግ ጥጉን ጎመን አለ። ነሐሴ ላይ ጎተራው ሲሳሳ እናቴ ዓይኗ እዚያ ነው። የበቆሎው ፀጉር ጠቆር ማለት ሲጀምር ሽፋኑን ገለጥ አድርጋ አንዷን ፍሬ በጥፍሯ ትጫናለች። ውሃ ከወጣት ጮርቃ ነው፣ ይቆያል። ወተት ከወጣት ደርሷል። ምንም ካልወጣት አልፎበታል፣ ለንፍሮ ይሁን።

እሸትና ቆንጆ አይታለፍም ይባላል። በእኛ በኩል ይሄ እንደ ሕግ ነው የሚሠራው። መንገደኛ ከሰው ማሳ ዳር አንድ ሁለት ራስ ቀጥፎ እዚያው ቢበላ ሌባ የሚለው የለም። በጆንያ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው።

እንዲህ ያደገ ሰው ሜሪላንድ መጥቶ ከሱፐርማርኬት በቆሎ ሲገዛ ምን እንደሚሰማው የቀመሰው ያውቀዋል። የመጀመሪያውን ስገምጥ ሰው ስኳር ውስጥ ዘፍዝፎት ያደረ ነው የመሰለኝ። ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። «ታዲያ ሻያቸው ላይ ስኳር አይጨምሩም ማለት ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። ቅቅሉን እንደምንም ለመድኩት። ጥብሱ ግን አልሆነም። እሳት ሲነካው ይጨማደዳል፣ ውሃው ይወጣል፣ ስኳሩ ያርራል። ያ ሲቆረጠም የሚሰማው ነገር የለውም። በዚያ ላይ የአፓርታማ ኑሮ ነው፤ በቆሎ ልጥበስ ብለህ የጭሱ አላርም ሕንፃውን በሙሉ ያስወጣልሃል።

ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የጋራ አትክልት ቦታ ላይ አንድ መደብ ስከራይ ሐሳቤ አንድ ብቻ ነበር፤ የሚጠበስ በቆሎ። ሌላው ሰው ቲማቲምና ባሲል ነው የሚተክለው። እኔ ዘር ፍለጋ ገባሁ። አንድ ወዳጄ ሂከሪ ኪንግ የሚባል ነጭ በቆሎ ጠቆመኝ። የቨርጂኒያ የድሮ ዘር ነው። ፍሬው ሰፋፊና ጠፍጣፋ ነው፣ ራሱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ረድፍ ብቻ አለው። (በነገራችን ላይ የበቆሎ ረድፍ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ጥንድ ቁጥር ነው፣ ጎዶሎ አይሆንም። ስምንት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስድስት። ልጆች ካሏችሁ አስቆጥሯቸው።) አገዳው የሰው ቁመት ሁለት እጥፍ ሊደርስ ይፈልጋል። ዱቄት የሚፈጨው፣ ከብት የሚበላው፣ እሸት ሲሆን ደግሞ እሳት የሚችል የበቆሎ ዓይነት ነው።

በኋላ ስለዚህ ዘር ሳነብ አንድ ነገር አስገረመኝ። ሂከሪ ኪንግና መሰሎቹ ነጭ በቆሎዎች ከአሜሪካ ወደ ደቡባዊ አፍሪካ ሄደው፣ ከዚያ በነጭ ሰፋሪዎች እጅ ኬንያ ገብተዋል። ኬንያ ውስጥ ኪታሌ ላይ ተመራማሪዎች ከዚያ ነጭ በቆሎ የተሻሻሉ ዘሮችን አወጡ። የእኛው የባኮ ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1993 የለቀቀው ቢኤች 660 ደግሞ ወላጆቹ ከኪታሌውና ከአንድ የኢኳዶር ዘር የተገኙ ናቸው። ቢኤች 660ን ቡሬ ዙሪያ የማያውቅ ገበሬ ፈልጉ እስኪ። እንግዲህ እኔ «ያገር ቤት ጣዕም» እያልኩ የምፈልገው በቆሎ ሩቅ ዘመዱ እዚሁ ከሜሪላንድ ወንዝ ማዶ፣ ቨርጂኒያ ነበር ማለት ነው።

## አባትየው ፍሬው ላይ ይታያል

ሽማግሌው ያደጉት ኢስተርን ሾር ነው፤ ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ያለው የሜሪላንድ የእርሻ አገር። ጡረታ ከወጡ ወዲህ በየዓመቱ የሚዘሩት ሲልቨር ኩዊን የሚባለውን ነጭ ጣፋጭ በቆሎ ነው። ስለሱ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለሰልሳል። «መጀመሪያ ውሃውን ትጥጃለሽ፣ ከዚያ ነው ወርደሽ በቆሎውን የምትቆርጪው» ይላሉ። ቀልድ አይደለም። የዚህ ዓይነቱ በቆሎ ከተቆረጠ በኋላ ስኳሩ በፍጥነት ወደ ስታርች ይለወጣል። ሙቀት ውስጥ ካደረ በማግስቱ ግማሹ ሄዷል። ሱፐርማርኬት የሚሸጠው አዲሱ ዘር ስኳሩን ለብዙ ቀን ይይዛል፤ እሳቸው ግን እሱን በቆሎ ብለው አይጠሩትም። በዚህ እንኳ ተስማምተናል።

በቆሎ በነፋስ ነው የሚዳቀለው። አናቱ ላይ የሚወጣው የወንዴ አበባ ነው። ከአንዱ ብቻ ሚሊዮን የአበባ ብናኝ ይረግፋል። ከሽፋኑ ጫፍ የሚወጣው ፀጉር ደግሞ የሴቴው ነው፤ እያንዳንዱ ፀጉር ከአንድ ፍሬ ጋር የተያያዘ ነው። ብናኝ ያላገኘው ፀጉር ፍሬው ባዶ ይቀራል። ራሱ ጥርሰ ወላቃ ሆኖ የሚወጣው ለዚህ ነው። ስለዚህም ነው በቆሎ በአንድ ረጅም መስመር ሳይሆን እጅብ ብሎ፣ በትንሹ አራት መስመር ጎን ለጎን የሚዘራው። ይሄን ሁላችንም እናውቀዋለን።

እኔ ያላሰብኩት ሌላውን ነው። ፖም ብንወስድ ብናኙ ከየትም ይምጣ የምንበላው ሥጋ የእናቲቱ ዛፍ ነው፤ ጣዕሙ አይለወጥም። ከበቆሎ የምንበላው ግን ራሱን ዘሩን ነው። አባቱ ማን እንደሆነ እዚያው፣ በዚያው ክረምት፣ ምላስ ላይ ይታወቃል።

ጣፋጭ በቆሎ ጣፋጭ የሆነው ስለተጨመረለት ሳይሆን ስለጎደለው ነው። ስኳሩን ወደ ስታርች በደንብ የሚቀይረው ጂን አይሠራለትም። ከእናትም ከአባትም የማይሠራውን ሲወርስ ስኳሩ ሳይለወጥ ይቀራል። ከሁለቱ አንዱ ደህናውን ካመጣ ግን አለቀ፤ ፍሬው እንደ ማንኛውም በቆሎ ስታርች ይሞላል። የእኔ ሂከሪ ኪንግ ደህናውን ነው የሚያመጣው። የእኔ መደብ ከሽማግሌው በስተምዕራብ ነው። በዚያ ወቅት እዚህ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ይነፍሳል። ሁለቱም በቆሎዎች አንድ ሳምንት ውስጥ አበቡ። በቃ።

ሁለቱም ነጭ መሆናቸው ደግሞ ነገሩን ደበቀው። የእኔ ቢጫ ቢሆን ኖሮ ሽፋኑን እንደገለጡ ቢጫ ፍሬዎች እዚህም እዚያም ያዩ ነበር። ነጭ በነጭ ላይ ምን ይለያል? ምላስ ብቻ ነው የለየው።

## የማይታየው ወገን

መጀመሪያ ቆጣ አልኩ። እውነቴን ነው። መሬቱን ተከራይቻለሁ፣ ደንቡ ላይ «በቆሎ አትዝሩ» የሚል የለም፣ ነፋሱን እኔ አልላክሁትም። የእሳቸው በቆሎ ይህን ያህል ደካማ ከሆነ የእኔ ጥፋት ምኑ ላይ ነው? ይሄን ሁሉ በሆዴ ነው ያልኩት። በአፌ «ይቅርታ፣ አላወቅኩም» አልኩ። ለሽማግሌ ሌላ ምን ይባላል?

ከዚያ እሳቸው አንድ ነገር ተናገሩ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመትም እንዲሁ ሆኖባቸው ኖሯል። ያን ጊዜ ግን ዘሩ ነው ብለው ጠረጠሩ። በቀጣዩ ዓመት ከሌላ ቦታ ገዙ፣ በውድ ዋጋ። ሲደገምባቸው ነው ቀና ብለው አጥሩን የተሻገረውን የእኔን አገዳ ያዩት።

ይሄ ነው ከሁሉም የከነከነኝ። መጀመሪያ የተበላሸባቸው ጊዜ እኔ ምን ላይ ነበርኩ? እሸቴን እየጠበስኩ ፎቶ አንስቼ ለእናቴ እየላክሁ። የእሳቸው ብናኝም እኔ ጋ ገብቷል፣ ነፋስ አንዳንዴ ይዞራል። ግን የእኔ በቆሎ ላይ ምንም አልታየም። ለእኔ ያልሆነ ነገር ነው። ተጎጂው ባይናገር ኖሮ ዕድሜዬን ሙሉ በንጹሕ ልብ ሳበላሽባቸው እኖር ነበር።

ስንት ቦታ እንዲህ እንደሆነ ማሰብ ጀመርኩ። የሙዚቃው ድምፅ የማይሰማው ሙዚቃውን የከፈተው ሰው ነው ማለቴ አይደለም፤ እሱማ ይሰማል። እኔ የምለው፣ ከሁለት ጎረቤት አንዱ ምንም ሳይነካው ሌላው የሚለወጥበት ነገር አለ። ያልተነካው ሰው ክፉ መሆን የለበትም። ዝም ብሎ መኖሩ ይበቃል። እሱን ተነስተህ «አንተ ነህ» ብትለው ደግሞ እንደ እኔ ይቆጣል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ሲባል የኖርነው እሳት ስንጫጫር፣ ቡና ስንጠራራ ስለነበር ነው እንጂ፣ የቅርብ ጎረቤት ከሩቅ ዘመድ ይልቅ ሊጎዳህም ይችላል። ቅርብ ነዋ።

ሌላው ደግሞ የጣዕሙ ጉዳይ ነው። «ተበላሽቷል» ያለው ማን ነው? እሳቸው ናቸው። ለእኔ ተስተካክሎ ነበር። በሁለታችን መካከል ዳኛ ቢቀመጥ ምን ብሎ ይፈርድ ይሆን? ብዙ ሳስብበት ግን አንድ ቦታ ቆምኩ። በቆሎው የእሳቸው ነው። እሳቸው ለዘሩበት ዓላማ ካልሆነ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ የእኔ ምላስ አልተጠየቀም።

ይሄን በሌላ መልክ ነገርኳቸው። «አገሬ ውስጥ ሰው የሚወደው እንዲህ ያለውን ነው» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው አንቺ ብዪው» ብለው የቀረውን በትልቅ ከረጢት አምጥተው ደጄ ላይ አስቀመጡት። ቅር ብሏቸውም፣ ቀልድም ነበረበት። እኔም በላሁት። ዘመድ ጠርቼ ነው የበላሁት! አንዷ ጓደኛዬ «የት ነው የሚሸጠው?» ብላ ያዘችኝ። ምን ልበላት?

## የተሸበሸቡት ፍሬዎች

መኸር ላይ ሽማግሌው ጥቂት ራሶች አገዳው ላይ ተዉ። ደርቀው ከመፈልፈላቸው በፊት ጠሩኝ። ጣፋጭ በቆሎ ሲደርቅ ስታርቹ ትንሽ ስለሆነ ፍሬው ይሸበሸባል። ደህናው በቆሎ ግን ሙሉና ለስላሳ ሆኖ ይደርቃል። እና እዚያ አንድ ቆረቆንዳ ላይ የተሸበሸበና ለስላሳ ፍሬ ተቀላቅሎ ቆሟል። ምዕራቡን ይዞ በቆመው አገዳ ላይ ለስላሳው ይበዛል። ወደ ውስጥ ሲገባ ይቀንሳል። ነፋሱ ካርታውን ራሱ ሥሎ አስቀምጦታል። ለስላሶቹን በጣታቸው እየነኩ «ያንቺ፣ ያንቺ፣ ያንቺ» አሉኝ።

እኔ ከራሴ በቆሎ ለዘር አስቀምጬ ነበር። በተከታዩ ዓመት ዘራሁት። ደህና በቀለ። ለዘር ብዬ ያደረቅኳቸውን ስገልጥ ግን አንዳንዱ ራስ ላይ፣ ከሙሉዎቹ መሐል፣ የተሸበሸበ ፍሬ ጣል ጣል ብሏል። የእሳቸው ሲልቨር ኩዊን ነው። ለካ ገብቶ ነበር። አንድ ትውልድ ሙሉ ተደብቆ ቆይቶ ዘመዱን ሲያገኝ ብቅ አለ። «አልነካኝም» ያልኩት ስላልታየኝ ብቻ ነው።

ቆረቆንዳውን ይዤ ሄድኩ። ሽማግሌው መነጽራቸውን ፈልገው አዩት። በዚያ ሁሉ ጊዜ እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። «ይሄኛው የእኔ ነው» አሉ።

## ሦስት ሳምንት

መፍትሔው ቀላል ነው። የርቀቱ ነገር እንደማይሆን ግልጽ ነበር። ባለሙያዎች ጣፋጩን ከሌላው በቆሎ ቢያንስ 75 ሜትር ገደማ አርቁ ይላሉ፤ የእኛ ጋርደን ጫፍ ከጫፉ እንኳ ያን ያህል የለውም። የቀረው ጊዜ ነው። አበባቸው በሁለት ሳምንት ከተራራቀ አይገናኙም። እሳቸው ግንቦት መጀመሪያ ላይ፣ አፈሩ ሞቅ እንዳለ ይዘራሉ። ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ጣፋጭ በቆሎ ይበሰብሳል፤ ከዚያ በፊት መቸኮል የለም። እኔ ሦስት ሳምንት ጠብቄ እከተላለሁ። ሁለት ሳምንት አይበቃም፤ ዘግይቶ የተዘራው ሙቀት ስለሚያገኝ ይሮጣል፣ ልዩነቱን ያጠበዋል።

መጠበቁ መጀመሪያ ከበደኝ። ሰው ሁሉ ዘርቶ የእኔ መሬት ባዶውን ሲቀመጥ እጄን ይበላኛል። ግን እንዲህ ሲዘራ እሸቱ የሚደርሰው እንቁጣጣሽ ላይ ሆነ። አቅጄው አይደለም። አሁን አደይ አበባ ባይኖርም ጥብስ አለ። በረንዳ ላይ፣ አላርሙ በማይደርስበት።

አንድ ችግር ግን አልተፈታም። ራኩን። ከድመት ተለቅ ትላለች፣ ዓይኗ ዙሪያ ጥቁር ነው፣ እጇ እንደ ሰው ይሠራል። ነገ እቀጥፈዋለሁ ባልከው በቆሎ ላይ ዛሬ ሌሊት ትመጣለች። እንዴት እንደምታውቅ አይገባኝም። አገር ቤት ዝንጀሮን ማማ ላይ ወጥተን በወንጭፍ እናባርር ነበር፤ ጃርቷን ደግሞ ውሻ ነው የሚያውቃት። እዚህ ወንጭፍ ብይዝ ፖሊስ ይጠራብኛል። የሽማግሌውን መደብ ነው የምታዘወትረው። የእኔን ቀመሰችና ተወችው። በጣዕም ነገር ከእሳቸው ጋር ናት።

ዘንድሮ ደግሞ አዲስ ነገር መጣ። ከእኔ በስተምዕራብ ያለውን መደብ አንድ ወጣት ባልና ሚስት ወሰዱት። ደስ የሚሉ ልጆች ናቸው። መሬቱን ሲያለሰልሱ አይቼ ምን ልትዘሩ ነው አልኳቸው። ለልጃቸው ፋንዲሻ። ፋንዲሻ በቆሎም እንደ እኔው ደህናውን ጂን ነው የሚያመጣው፤ የሽማግሌውን ሲልቨር ኩዊን ያገኘው እንደሆነ ታሪኩ ከሀ ይጀምራል። የእነሱ ፋንዲሻ ላይ በዚያው ክረምት ምንም አይታይም። የእኔ ብናኝ ግን ፋንዲሻው ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ከገባ ከርሞ ያንን ፍሬ ቢዘሩት እንደ ልቡ የማይፈነዳ ሊሆን ይችላል። እኔ ደግሞ አሁን መሐል ላይ ነኝ።

ለሽማግሌው ነገርኳቸው። «አንቺ ንገሪያቸው» አሉ። «ለምን እኔ?» «እኔ ስናገር ሰው ይቆጣል።»

ቅዳሜ እሄዳለሁ። መጀመሪያ የምጠይቃቸው የዘሩበትን ቀን ነው። የሚያብብበትን ጊዜ ከፓኬቱ ጀርባ አይተን እንገምታለን። ገና ካልዘሩ ሰኔ አጋማሽ ድረስ ቆዩ እላቸዋለሁ። አይ፣ ቆይ። ሰኔ አጋማሽ ከዘሩት ፋንዲሻው ሳይደርቅ ውርጩ ይይዘዋል፤ እሱ እስኪደርቅ ነው የሚቆየው። እንግዲያው ቀድመው ይዝሩ፣ ሽማግሌው ይዘግዩ፣ እኔም ከእሳቸው በኋላ ልዘግይ ማለት ነው። ሽማግሌው እንዲዘገዩ የሚነግራቸው ደግሞ ማን እንደሆነ አላውቅም።